ዘይቱ እስኪወርድ

ሰው ሲታመም ሐኪም ፍለጋ ይንከራተታል፤ መኪና ስትታመም ግን ሐኪሞቹ ራሳቸው ይመጣሉ። እናንተ አላጋጠማችሁም? ባለፈው ዓመት ወገቤን ይዞኝ የሕንፃችንን ደረጃ እያቃሰትኩ ስወጣ፣ ከሥር ካለው አግዳሚ ወንበር የማይጠፉት ሽማግሌዎች «አይዞሽ፣ ይተውሻል» ብለውኝ ወደ ወጋቸው ተመለሱ። መኪናዬ አንድ ጠዋት ጭስ ብትተፋ ግን ሁሉም ብድግ አሉ። አንዱ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት ነው አለ። ሌላው ሙቀቱ ነው፣ እኛንስ መች ተወን አለ። አባባ ይርጋ፣ በሰማንያ ሦስቱ ዘመቻ በአውሮፕላን እስራኤል የገቡትና እኛን ኋላ መጪዎቹን በሁሉም ነገር እንቀድማችኋለን የሚሉት፣ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞረው አይተው፣ ጎማዋን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው «ይህቺስ አርጅታለች፣ ተያት» ብለው ፈረዱ። ኋላ ሳስበው ከነዚያ ሁሉ ሐኪሞች መካከል መንጃ ፈቃድ ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ ግን አለኝ። ይህን ስናገር አንገቴን ቀና አድርጌ ነው። በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በአራተኛው ፈተና ነው ያገኘሁት፤ ፈታኙ በመጨረሻው ጊዜ ሲያየኝ እንደ ዘመድ «ቤተሰብ ደህና?» ብሎኝ ነበር። መንዳት የተማርኩት ለመዝናናት አይደለም። ቤቴ ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሥራዬ ዖሜር። ዖሜር ከኛ አፍንጫ ሥር ናት፤ ግን ሰዉ ሁሉ ግቢና አበባ አለው፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ብታዩ እንደኔ ሊሠራ የሚሄድ ነው። እዚያ ሪቭካ የምትባል የሰማንያ ስምንት ዓመት ባልቴት እንከባከባለሁ። ሪቭካ ጠዋት በሰዓቱ መድኃኒቷን ካልዋጠች ቀኑ ለሁለታችንም ይበላሻል፤ አውቶቡሱ ደግሞ የሪቭካን መድኃኒት አያውቅም። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ገዛሁ፤ ከኔ በፊት ሦስት ባለቤት የለወጠች። ሦስቱም ለምን እንደለቀቋት መጠየቅ ነበረብኝ። ግን የወደደ መች ይጠይቃል?

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። የእናቴ ልጅ መካኒክ ነው። ያውም ስም ያለው። ታናሽ ወንድሜ አስማረ ጎንደር ውስጥ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንግዲህ ይኼው ነው። ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ቀን አልደወልኩለትም? እሱ ነው ነገሩ።

እኛ ስንመጣ አስማረ ቀረ። የሱ የጉዞ ፋይል ከኛ ተለይቶ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ቀረ፤ ለምን እንደሆነ የጠየቅነው ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ነገረን። «ጥቂት ወራት ነው» ተባለ። ጥቂት ወራት ምን ያህል እንደሚረዝም ማወቅ የሚፈልግ ሰው አስማረን ይጠይቅ። እናታችን ትርንጎ ከኔ ጋር መጥታ አራት ዓመት ኖረች፤ አራት ዓመት ሙሉ የሱን አልጋ የት እንደምናደርገው ስትነግረኝ ነበር፤ ከዚያ እዚሁ ቤር ሼቫ አረፈች። ቀብሯን አስማረ በስልክ ነው የተከታተለው። ስልኩን የያዘችለት ልጄ ታማር ነበረች፤ ያኔ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፣ ክንዷ ሲዝልባት ስልኩ ወደ ታች አዘነበለ፣ እኛም በልቅሶ ላይ ስለነበርን ልብ ያላት አልነበረም። ከሳምንት በኋላ «እናቴን የሰው ጫማ እያየሁ ቀበርኳት» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ወሬያችን አጠረ። ሻባት በወጣ ቁጥር፣ ቅዳሜ ማታ ማታ፣ እደውላለሁ። ሰላም ነህ? ሰላም። ልጆቹ? ይመስገን። እናንተስ? ይመስገን። ሙቀቱ? አይጣል ነው። ከዚያ እሱ «ምን አዲስ ነገር?» ይል ነበር፤ ስለ ፋይሉ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም «ምንም» እላለሁ። ኋላ ኋላ እሱ መጠየቁን ተወ፣ እኔም መመለሴን ተውኩ፤ በቦታው ዝምታ ገባ። ዝምታውን በኔትወርክ እናሳብበው ነበር። «ይቆራረጣል» እንባባልና እንዘጋለን። ልብ በሉ፣ ኔትወርኩ እንከን አልነበረውም።

እንግዲህ ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው፤ ሪቭካን ሐኪም ዘንድ ይዣት ስሄድ ከፊቴ ማንቆርቆሪያ የምትመስል ቀይ መብራት ቦግ አለች። ሪቭካ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ አይታት «ይህች ዘይት ናት፤ ባሌ እንዲህ ስትበራ ወዲያው ነበር የሚያቆመው» አለችኝ። እኔም አቆምኩ። ዘይት ገዝቼ ሞላሁ። መብራቷ ጠፋች፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሳ መጣች። እንደገና ሞላሁ። ያው ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሳስነሳት ከኋላዋ ጭስ ታንቦለቡላለች፤ ሽማግሌዎቹ ብድግ ያሉት ያኔ ነው። የአባባ ይርጋን ፍርድ በሰማሁ ዕለት ከሥራ ስመለስ ልቤን አጠንክሬ ጎንደር ደወልኩ።

ማክሰኞ ነበር። እኛ ደግሞ ማክሰኞ ተደዋውለን አናውቅም። አስማረ ስልኩን ሲያነሳ ድምፁ በድንጋጤ ተይዟል። «እታለም፣ ምን ሆናችሁ? ማን ነው?» አለኝ።

ማንም አልሞተም አልኩት፤ መኪናዬ ዘይት ትጠጣለች።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፤ ድምፁ ተለወጠ። ያ በየሳምንቱ ይመስገን የሚለው ሰውዬ ሄደና በሱ ቦታ መካኒኩ መጣ። «ስንት ጊዜ ሞላሽ? በስንት ቀን ጎደለ? ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ስትነጂም? ዘይቱን ስትለኪ ሞተሩ ትኩስ ነው ቀዝቃዛ?» እያለ ወረደብኝ። ስንት ዓመት ሙሉ እርስ በርሳችን መልሱን የምናውቀውን ስንጠያየቅ ኖረን፣ ያን ቀን መልሴን በእውነት የሚፈልግ ጥያቄ ጠየቀኝ። መኪናዬን በዚያች ሰዓት ብስማት ደስ ባለኝ።

ዘይቱን እንዴት እንደምለካ ስነግረው ግን ተቆጣ። ለካስ ጥፋቴ ብዙ ነው። እኔ ከሥራ ስመለስ ሕንፃችን ፊት ለፊት ያለው ቁልቁለት ላይ አቆማትና፣ ሞተሩን እንዳጠፋሁ ወዲያው መለኪያውን ዘንግ ስቤ አያለሁ። አስማረ «እታለም፣ ሯጭ ሮጦ እንደቆመ ትንፋሹ ይለካል?» አለኝ። ከዚያ ሕጉን አንድ በአንድ አስተማረኝ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም። ሞተሯ ሞቆ ይጥፋ። ከጠፋ በኋላ አሥር ደቂቃ ትጠብቂያለሽ፤ ላይ ላዩን ሲረጭ የዋለው ዘይት ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ዘንጉን ሳቢ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፣ እስከ መጨረሻው መልሰሽ ክተቺው፣ እንደገና ሳቢ። የምታምኚው ሁለተኛውን ነው። ሁለት ምልክት አለ፤ ዘይቱ ከታችኛው በላይ፣ ከላይኛው በታች ይሁን። ከላይኛው አሳልፎ መሙላትም ሌላ በሽታ ነው።

«በየቀኑ ለክተሽ ትነግሪኛለሽ» አለኝ። በየቀኑ? አልኩት። «በየቀኑ። ከሻባት በቀር።»

እንዲህ ሆነና በማግስቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከሕንፃችን ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ አቁሜ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፌ ደወልኩ። አጠፋሽ? አጠፋሁ። በይ እንግዲህ ይውረድ አለ። አሥር ደቂቃ ምን ይደረጋል? ሁለታችንም አልተዘጋጀንበትም። መዝጋት እንዳንችል ዘይቱ እየወረደ ነው። መጀመሪያ እሱ አሳለ፤ እኔ ደግሞ የመስኮቱን አቧራ ጠረግኩ። ድንገት ከሱ በኩል ኃይለኛ ድምፅ መጣ። ምንድነው ስለው «ዝናብ ነዋ» ብሎ ስልኩን ወደ ጋራዡ ጣሪያ አነሣው። ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ እንዴት ያለ አወራረድ! ቤር ሼቫ ከፋሲካ ወዲህ ጠብታ አላየንም። «አታውርደው፣ እንደዚያው ያዘው» አልኩት። አሥሩን ደቂቃ ሙሉ የጎንደርን ዝናብ ሰማሁ። ከዚያ ወርጄ ዘይቱን ለካሁ፤ ትንሽ ጎድሏል።

በዚያው ቀን አንድ ነገር አስደረገኝ። ሞተሩን አስነሺ፣ እየሠራ ሳለ ዘይት የሚጨመርበትን ክዳን ክፈቺና ወረቀት ከላዩ አኑሪበት አለ። ክዳኑን ሳላላው ፉጨት ነገር ተሰማ፤ ወረቀቱንም አጥብቃ ሳበችው፣ ልቀቂ ብላት እምቢ አለች። ይህን ስነግረው «እ…» አለ። ከዚያ «ደህና፣ ሌላም ሌላም እናጣራለን፤ አንቸኩልም» አለኝ። መካኒክ አንቸኩልም ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

አጣራንም። አንድ ሳምንት ካርቶን ከሥሯ አንጥፌ ጠዋት ጠዋት እያየሁ ነገርኩት፤ አንድ ጠብታ የለም፤ እንግዲያው አይፈስም፣ ይቃጠላል ማለት ነው አለ። ሌላ ሳምንት ጭሱን ቀርፀሽ ላኪ አለ፤ ነጭ ከሆነ ውሃ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶ ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት። ታማር አሁን ወታደር ናት፤ ለእረፍት ስትመጣ ከመኪናዋ ኋላ ቁጢጥ ብላ ጭስ እየቀረፀች «እማ፣ ዳይ፣ በቃ፣ ሰው እያየን ነው» ትለኛለች። ሰማያዊ ነበር። እንደዚያ ከሆነ አስማረ «ፋሻው አልቆ ሊሆን ይችላል» አለ። ይህን ለታማር ስነግራት ግራ ገባት፤ እሷ የምታውቀው ፋሻ የቁስል ነው። መኪናዋ ቆሰለች እንዴ? ብላ በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ። የጎንደር መካኒኮች ከጣሊያን የወረሱትን ስም እኔ በአማርኛ እሰማለሁ፣ ልጄ በዕብራይስጥ ትጠይቃለች፣ መኪናዋ ደግሞ የተሠራችው ሌላ አገር ነው። ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያቅፍ ቀለበት ነው ብሎ አስማረ እስኪያብራራ ድረስ ሦስታችን ስንሳሳቅ ዘይቱ ወርዶ አልቋል። ልጄ ከአጎቷ ጋር ስትስቅ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው!

በነዚያ አሥር ደቂቃዎች ያላወራነው የለም። አባታችን በቅሎውን ሸጦ በሦስተኛው ቀን ናፍቃው መልሶ ሊገዛት የሄደ ጊዜ። እኔ ስንት ዓመቴ ድረስ እሱን አዝዬው እንደምሄድ። የሱ ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት «መቼ ነው የምትሄዱት?» እያሉ ጓደኞቹ ሲያበሽቁት፣ አንድ ቀን «ሄደን ተመልሰናል» ብሎ እንደዋሸ። እኔም ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኩት፤ እዚህ በመጣን በመጀመሪያው ዓመት የማላውቀው አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ እያለቀስኩ መሄዴን፣ ሹፌሩም ዝም ብሎ መልሶ እንዳመጣኝ።

አንድ ሐሙስ አስማረ እንዲህ አለኝ፤ «ዛሬ ሞተሩ በደንብ ሞቆ መለካት አለበት። ረዘም ያለ መንገድ ሂጂ።» ወዴት ልሂድ? አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገ። «እማ ያለችበት ሩቅ ነው?»

ሩቅ አልነበረም፤ ግን ሄድኩ። በር ላይ አቁሜ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ። ክንዴ እንዲዝል አልፈለግኩም። መቃብሯ ጋ ስደርስ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብዬ አሳየሁት። «ፊደሉ ላይ አቁሚው» አለኝ። እኔ ላነብለት አፌን ስከፍት «ቆይ፣ ራሴ» አለ። ወንድሜ እዚያ ተቀምጦ ሲጠብቅ ዕብራይስጥ ሲማር እንደኖረ አውቃለሁ፤ ለፋይሉ ይጠቅማል ተብሎ ነበር። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደል በፊደል ጀመረ። ቴት… ሬሽ… ዩድ… ኑን… እንደ ተማሪ ቤት ልጅ እየጎተተ «ት… ሪን… ጎ» አለና ቆመ። ደግሞ አንድ ጊዜ አለው፣ አሁን ሳይጎትት። ከዚያ እዚህ ሰው መቃብር ላይ ጠጠር እንደሚያኖር ሰምቷልና «ለኔም አንድ አኑሪልኝ» አለኝ። ሁለት ጠጠር አኖርኩ። ረጅም ጊዜ ቆምን። ስንጨርስ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ አስነሥቼ ቤቴ ተመለስኩ። ዘይቱን መለካት ለሁለታችንም ትዝ ያለን ዕቃ ሳጥብ ነው፤ እሱ «ነገ እናየዋለን» ብሎ መልእክት ላከ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዓመታዊው ምርመራ ደረሰ፤ እዚህ ቴስት ይሉታል። እንዲያ የምታጨስ መኪና ቴስት አታልፍም፤ ካላለፈች ደግሞ ሪቭካ መድኃኒቷን በሰዓቱ አታገኝም። ስለዚህ ለአስማረ ሳልነግር ወደ ኢንዱስትሪው አካባቢ ወረድኩና አቪ የሚባል መካኒክ ዘንድ ገባሁ። አቪ ሆዱ ከሱ አንድ እርምጃ የሚቀድም፣ ጆሮው ላይ ሲጋራ የሰካ ሰው ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ክዳኑን ላላ ሲያደርግ ፉጨቱን ሰማ። ኮፈኑ ውስጥ እጁን ከተተ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ቫልቭ ነቀለ፣ ጆሮዬ ሥር አምጥቶ ነቀነቃት። ዝም። ከሳጥኑ አዲስ አወጣና እሷንም ነቀነቃት፤ እንደ ጽናጽል ተንቀጨቀጨች። ሞተሩ በዚህች ነው የሚተነፍሰው፤ ተከፍታ ስትቀር ዘይቱን ከጭሱ ጋር አብራ ትስበዋለች አለኝ። አሮጌዋን ጣለ፣ አዲሷን ገጠመ። ወደ ቤት ለመሄድ ስነሳ ምን ያህል ጊዜ እንዲህ እንደቆየች ጠየቀኝ። ሁለት ወር ብዬ ነገርኩት። «ጌቬሬት፣ እመቤቴ፣ ሁለት ወር ሙሉ ምን ስትጠብቂ ነበር?» አለኝ። በዕብራይስጥ ምን ብዬ ላስረዳው? ዘይቱ እስኪወርድ ልበለው?

በሳምንቱ ጭሱ ጠፋ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሥር ተቀምጦ አልነቃነቅ አለ። ቴስቱንም አለፈች። ደስ ሊለኝ አይገባም? ያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ቆሜ፣ ስልኩን ይዤ፣ እንደ ጥፋተኛ ተቀመጥኩ። ተሠርታለች ብለው ምን እንሆናለን? ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ፣ ሰላም ነህ፣ ሰላም፣ ሙቀቱ፣ አይጣል፣ ይቆራረጣል። ደወልኩለት። አጠፋሽ? አጠፋሁ። በይ ይውረድ። አሥር ደቂቃ ስለ ልጁ ጥርስ መንቀል አወራን። ከዚያ ዘንጉን ስቤ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ስከት ግማሽ መንገድ ላይ አቁሜ ጫፉን ብቻ ነካ አደረግኩና፣ በካሜራ አሳየሁት። «አየህ? ጎድሏል።»

«ጎድሏል» አለ አስማረ፣ በሐዘን። «በጣም ጎድሏል።»

እናንተዬ፣ ሴት ልጅ አሳድጌ፣ ስንት ነገር አይቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ በዘይት መዋሸት ጀመርኩ። ያውም ተካንኩበት። አንድ ቀን ትንሽ አስነካለሁ፣ አንድ ቀን ምንም። ዓርብ ዓርብ «ዛሬ ትንሽ ሻል ያለች ትመስላለች» እላለሁ፤ እሁድ ሲመጣ ደግሞ አገረሸባት እላለሁ። እሱም ፋሻው ነው ይላል፣ ጎሚኒው፣ የሞተሩ ላስቲክ፣ ነው ይላል፣ እስቲ ኮፈኑን ከፍተሽ ግራውን አሳዪኝ፣ እስቲ ቀኙን አሳዪኝ ይላል። አሳየዋለሁ። እንዲህ እያልን ከአንድ ወር በላይ ሄድን።

የዋሸ ሰው በወለደው ይጋለጣል። አንድ ዓርብ ከሰዓት ታማር ለእረፍት መጣች። እኔ ለሻባት ምግብ እየሠራሁ እጄ ዱቄት ነው፤ ስልኩ ጮኸ፤ ከመለኪያ ሰዓታችን ዘግይቼ ኖሯል። ታማር አነሣችና፣ ይህች ልጅ በወታደርነት የተማረችው እውነት መናገር ነው መሰለኝ፣ በዚያ ባልተሟላ አማርኛዋ «ዶድ አስማረ፣ መኪናው እኮ ተሠርቷል። ድሮ። እማ ሙሳኽ፣ ጋራዥ፣ ወሰደችው፣ አሁን በሴደር፣ ደህና ነው፣ ዘይት አይጠጣም» አለችው። አጎቷ ደስ እንዲለው ብላ ነው፣ ምስኪን። እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ደርቄ ቀረሁ።

ስልኩን ነጠቅኳት። አስማረ አልኩት፤ አስማረ ስማኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ምኑን ነው የምታውቀው?

«አዲሱን ቫልቭ ያየሁት ግራውን አሳዪኝ ያልኩሽ ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ጥቀርሻ መካከል ሲያብረቀርቅ ዓይን ይወጋል። ደግሞ እታለም፣ ዘይት የምትበላ መኪና ዘይቷ እንዲያ እንደ ማር ጠርቶ አይታይም።»

አየህና ዝም አልክ? አልኩት፤ ንዴትና ኀፍረት ተቀላቅሎብኛል። «አንቺስ ሠርተሽ ዝም አላልሽም?» አለኝ። አሁን እዚህ ላይ ብናቆም መልካም ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቆይ አልኩት፤ ከመጀመሪያው ምን እንደሆነ ያወቅከው መቼ ነው?

ከኋላው መዶሻ ይሰማል፣ ባጃጅ ያልፋል። «ወረቀቱን ስትስበው» አለ በመጨረሻ። «በሁለተኛው ቀን።»

በሁለተኛው ቀን! ካርቶን ሳነጥፍ፣ ልጄን ጭስ ሳስቀርፅ፣ ያ ሁሉ ፋሻ፣ ያ ሁሉ ጎሚኒ! ሞተሩ ደርቆ መንገድ ላይ ብትገድለኝስ? ብዬ ጮህኩበት። ሪቭካ ከጎኔ እያለች ቢሆንስ?

«ለዚህ አይደል በየቀኑ ያስለካሁሽ?» አለኝ፣ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በየቀኑ እየለካሽ፣ በየቀኑ እያየሁ፣ እንዴት ትደርቃለች? አንድ ቀን አስቀርቼሽ አውቃለሁ?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እታለም፣ እኔ እዚህ ሆኜ ላንቺ ልሠራልሽ የምችለው ነገር ስንት ዓመት ሙሉ አልነበረም። ይህን አገኘሁ። ቶሎ ልጨርሰው አልፈለግኩም።»

ታማር ዓይን ዓይኔን እያየች ነው፤ ቋንቋው ቢያመልጣትም ነገሩ አላመለጣትም። ወንበር ስባ አቀረበችልኝ። ተቀመጥኩ። ዱቄቱ ስልኩ ላይ ተለጥፏል። እንግዲህ መኪናዋ ተሠርታለች፣ ሁለታችንም ውሸታም መሆናችን ታውቋል፣ ሻባትም ሊገባ ነው። ምን ቀረን? «ይቆራረጣል» ልንል ጥቂት ነበር የቀረን።

በመጨረሻ አስማረ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ምልሽ፣ እታለም… ፍሬን ስትይዢ ድምፅ ነገር አታሰማም?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያቺ መኪና ጥፋቷ ብዙ ቢሆንም ፍሬኗ የተባረከ ነው፤ ከገዛኋት ጀምሮ ሲጥ ብላ አታውቅም።

«ኧረ ታሰማለች» አልኩት። «ምን ማሰማት ብቻ! ትጮኻለች እንጂ።»